አራት ብርድ ልብስ

ሰኞ፣ የካቲት 2

የእማማ ዘምዘም ጉልበት አብጧል። ፋጡማ ጠዋት ደውላ ስትነግረኝ ጂም ውስጥ አንዱን ጎረምሳ ክብደት እያስነሳሁ ነበር። ለጓደኛዬ ትቼው ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ከወልድያ መርሳ እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሴን ስረግም ነው የሄድኩት።

እማማ ዘምዘም የፋጡማ አማት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርሳ ገበያ እህል ሲሸጡ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ኩንታል ተሸክመው ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ተጎድቷል፣ ጡንቻ ማጠንከር ይረዳል ብሏቸው ፋጡማ እኔን ፈልጋ አመጣች። መጀመሪያ ቀን ክብደት መቀነስ ይፈልጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁብኝ።

"ሱጁድ ነው የምፈልገው" አሉ። "በወንበርም ሶላቱ ይደርሳል፣ ሼሁ ነግረውኛል። ግን ግንባሬ መሬት ናፈቀው። ረመዳን ሳይገባ አድርሺኝ።"

ዘዴዬ ቀላል ነው። አራት ብርድ ልብስ አጣጥፌ መስገጃው ላይ ደረብኩ። ግንባራቸው መጀመሪያ እዚያ ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ሲጠነክር አንድ እናነሳለን። በስድስት ሳምንት ሁለት ቀንሰን ሁለት ቀርቶን ነበር። ረመዳን ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቅዳሜ ከወንበር ብድግ ቁጭ ሲሉ ቁጥሩ እየጠፋቸው ተቸገሩ። እኔ ጅሏ "በመቁጠሪያዎ፣ በተስቢህዎ ቁጠሩ" ብያቸው ሄድኩ። አስር ላይ አቁሙ አላልኩም። እሳቸው ትናንት ተስቢሁን ይዘው ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ! ጎረምሶቹ እንኳን አያደርጉትም። ለምን መሃል ላይ አላቆሙም ብላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

"ተስቢህ ተጀምሮ መሃል ላይ ይተዋል እንዴ?"

ክርስቲያን ነኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ፊዚዮቴራፒስት ጓደኛዬን ጠየቅኩት። በረዶ፣ እረፍት፣ እግር ከፍ ማድረግ። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ሐኪም ቤት። ትኩሳት የለም። በረዶውን ፋጡማ ከጁስ ቤት አመጣች።

የሚያስጨንቀኝ፦ እብጠቱ። የቀሩት ቀናት። እማማ ዘምዘም በስልክ ለኔ ማዘናቸው፤ "አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ያረጀው እኔ" ይላሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚያስቀኝ፦ የጂሙ ወንዶች። የሚሠሩት ደረት ብቻ። የእግር ስፖርት ያለ ቀን አንዱ ያመዋል፣ አንዱ ለቅሶ አለበት።

አባዬ ማታ እራት ላይ እንደ ልማዱ ጀመረኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ሰው ብድግ ቁጭ ለማሰኘት ነው ወይ ይላል። ሌላ ጊዜ እስቃለሁ፣ ዛሬ ግን ከፋኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ቀነሰ! እብጠቱ ቀነሰ። ገና በር ላይ ስደርስ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ከጉልበት ከፍ አድርገው አሳዩኝ፣ ልክ አዲስ ጫማ እንደገዛ ሰው።

ፋጡማ ደግሞ ጉድ ሠርታ ጠበቀችኝ። ከድሮ የአንገት ጌጧ ላይ አስር ፍሬ ፈትታ በክር አሰረችው። ስፖርቱ በዚህ፣ ዚክሩ፣ የፈጣሪ ውዳሴው፣ በተስቢሁ። እማማ ዘምዘም በጣታቸው አንከባለሉትና ቶሎ ያልቃል ብለው አማረሩ። ማለቁ ነው የተፈለገው አልኳቸው።

ዛሬ እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት ብቻ። አስር። አንድም ፍሬ አልጨመሩም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

መጥፎ ቀን። ሁለቱን ብርድ ልብስ አነጠፍን። መውረዱን ወረዱ፤ ግንባራቸው ደረሰ። መነሳቱ ግን እምቢ አለ። እጃቸውን ወንበሩ ላይ ቢያሳርፉ እግራቸው ተንቀጠቀጠ። እኔና ፋጡማ ብብታቸውን ይዘን አነሳናቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው "መሲ፣ ይቅርብኝ" አሉ። "ረመዳን ሳይገባ ብዬ አስጨነቅኩሽ። ወንበሩም አይከፋም።"

ማጽናናት አልችልበትም፣ የማውቀው እግር ነው። የትኛው እግር ቀድሞ እንደሚወጣ ጠየቅኳቸው። የሚያመው ግራው ነበር የሚቀድመው። በልማድ! ስድስት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። ቀኙን አስቀድመው አንዴ ሞከሩ። በአንድ እጅ ወንበሩን ይዘው ብቻቸውን ቆሙ።

ይቅርብኝ የሚለው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

እሁድ፣ የካቲት 8

የዐቢይ ጾም ቅበላ። ጂሙ ባዶ ነው፣ ወልድያ ሙሉ ሥጋ ላይ ነው። እኔም ለስፖርተኛ የማይሆን ያህል በላሁ።

ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ ፋጡማ ደወለች። አንድ ብርድ ልብስ! አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ሦስት ጊዜ ወርደው ሦስቴም ተነስተዋል። ስልኩን ይዤ ግቢ ውስጥ ዘለልኩ። አባዬ ምን ሆነሽ ሲለኝ አንዲት እናት ብድግ አሉ አልኩት። ትንሽ አሰበና "ደግ" አለ። ከሱ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ጨረቃ ከታየች ነገ ረመዳን ነው። ካልታየች አንድ ቀን እናተርፋለን። ጨረቃ እንዳትታይ ስጸልይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ትናንት ጾም የገባሁ ሰው ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የአሱር፣ የከሰዓቱ፣ ሶላት ደረሰ። ፋጡማ ብርድ ልብሱን ልታነጥፍ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። መስገጃው ብቻ ቀረ። እኔ ከኋላ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸው ወንበሩን ይዞ ወረዱ። ጉልበት፣ ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር። ቀና ብለው ቁጭ አሉ፣ ደገሙት።

ሁለተኛው ላይ አልተነሱም። ቆጠርኩ፣ ሥራዬ መቁጠር አይደል። አስር። ሃያ። አርባ ላይ ጉልበቱ ያዛቸው ብዬ ልነሳ ስል ፋጡማ የቱታዬን እጅጌ ጨበጠች።

"ተዪያቸው" አለች በሹክሹክታ። "ዱዓ ላይ ናቸው።"

ቀኙን አስቀድመው ተነሱ። ለዛሬ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ይበቃል ብለን ተስማምተን ነበርና የቀረውን ወንበር ላይ ጨረሱ። ልቤን ሊያቆሙት እንደነበር ነግሬያቸው ያን ያህል ምን ሲሉ እንደቆዩ ጠየቅኳቸው።

"የሁለት ዓመት ነዋ ልጄ" አሉ። "አንቺም አለሽበት።"

አለቀስኩ። አሰልጣኝ ደንበኛ ፊት አያለቅስም፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ቤት እንደገባሁ ፋጡማ ደወለች። ጨረቃ ታይታለች። ጉልበታቸውስ አልኳት። የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብንም፣ መሬት ላይ ሰገዱ አለችኝ፣ ሁሉንም፣ ወንበሩን የነኩት ሲወርዱና ሲነሱ ብቻ ነው። እኔ ሳልቆጥር። ማበጥ አለማበጡን ሦስቴ ጠየቅኳት፣ እስካሁን ደህና ነው፣ ነገ ጠዋት ሄጄ ካላየሁ አላምንም። እሷ ግን እየሳቀች የምትነግረኝ ሌላ ነው። እማማ ዘምዘም መስታወት አስመጥተው ግንባራቸው ላይ የቀረውን የመስገጃውን ምልክት እያዩ ነው። ሳይጠፋ ፎቶ አንሺና ለመሲ ላኪላት ብለዋል።

ፎቶውን እየጠበቅኩ ነው። ኔትወርኩ ዘገየ።