ለእርቅ የተገዛ ክር

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ደክሞኛል። ክሊንተንቪል ያሉት የምንከባከባቸው አሮጊት ሴትዮዬ ገላዬን አልታጠብም ብለው ግማሽ ቀን አከራከሩኝ። በመጨረሻ ታጠቡ። የረጠብኩት ግን እኔ ነኝ። ሃይ ስትሪት ላይ ባስ ስጠብቅ እግሬ ጫማዬ ውስጥ መኖሩን ተጠራጠርኩ።

ቤት ስገባ ባሌ ጣሰው ብቻውን በልቶ፣ ብቻውን ሳህኑን አጥቦ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ድሮ ከሥራ ሲመጣ ጓደኛውን ጁነዲንን አስከትሎ ነበር የሚገባው። አንድ መኪና፣ አንድ ሺፍት… ሪከንባከር፣ የሚሠሩበት መጋዘን፣ እስኪደርሱ ያወራሉ፣ ያላለቀውን ሲመለሱ ይጨርሱታል። እኔና ሞሚና፣ የጁነዲን ሚስት፣ "ባሎቻችን እኛን ያገቡት ወሬያቸውን የሚሰማላቸው ፈልገው ነው" እያልን እንስቅ ነበር።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ ግን ዝም።

ማታ ሞሚና ደወለች። የቤታቸው ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ያልቃል። አያሳድሱም። ሚኒሶታ፣ እህቷ አሚራ ያለችበት ሊሄዱ ነው። "ምን ላርግ ወሰን፣ ጁነዲን ጣሰው ባለበት ከተማ መኖር አልቻለም" አለችኝ።

ኖህን ስወልድ እጄን የያዘችው እሷ ናት። እናቴ ስትሞት መርዶውን የነገረችኝ እሷ ናት። ከሄደች ለማን ነው የምደውለው?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ጠባቸውን ለራሴ ልጻፈው። ለሰው ቢያወሩት ያስቃል።

ጣሰው ሥራ ቦታ ሊድ፣ የቡድን መሪ፣ ሆነ። ደስ አለን፣ ጁነዲን ራሱ ኬክ ገዛ። በሳምንቱ ሃይዌይ ላይ አደጋ ደርሶ መንገድ ተዘጋ፣ አረፈዱ። አብረው! በጣሰው መኪና! ጣሰው በቢሮው በር፣ ጁነዲን በሠራተኛው በር ገቡ። አለቃው ቆሞ "ማነው የዘገየው?" ሲል ጣሰው ጁነዲንን ራይት አፕ አደረገው፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው።

"ሀበሻ ለሀበሻ ያዳላል እንዳይሉኝ ነዋ" ይለኛል።

እሺ፣ አንተስ አልዘገየህም? ስለው የቲቪውን ድምፅ ይጨምራል።

ጁነዲን የዚያን ቀን ኡበር ጠርቶ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ሥራውንም ለቀቀ። አሁን ዴሊቨሪ ይነዳል።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 18

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሉዊስ ሴንተር፣ ጋሽ ጎሳዬ ቤት። ከልጃቸው ከሔርሞን ጋር ነው የሚኖሩት። ጣሰውንና ጁነዲንን፣ ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ፣ ኤርፖርት ሄደው የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እምቢ አይሏቸውም። ደግሞ ጴንጤ ናቸው። "ጥሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አያዳሉም" አለች ሞሚና በስልክ፣ "አንቺንም እኔንም እኩል ነው ጌታን ተቀበሉ የሚሉን።"

ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ "እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም። ከአንድ ትሪ ይብሉ" አሉ።

"ጋሽዬ፣ ሥጋው በማን ቢላ ይታረድ?" አልኩ። ስንት ዓመት ስንጋበዝ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የኛ ሥጋ ለነሱ አይሆን፣ የነሱ ለኛ።

"ዓሣ ነዋ! ዓሣ ማን ያርደዋል? ከውሃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ነው የሚሞተው።"

"እሺ፣ ከሱቅ እገዛለሁ።"

"አትገዢም። ራሳቸው ያወጡታል። በረዶ ላይ፣ ከኔ ጋር።"

ሰውዬው ለካ በየዊንተሩ አልም ክሪክ ሐይቅ ላይ በረዶ ሰርስረው የሚቀመጡ ናቸው። ሔርሞን አይኗን ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። "ድንኳኑ ጠባብ ነው" አሉ፣ "ውጪው ብርድ፣ ከሥር ውሃ። ተኮራርፈው የት ይሄዳሉ?"

ጊዜም የለም። ዘንድሮ ዓቢይ ጾም በፌብሩዋሪ 16 ይገባል፣ ረመዳን በሁለት ቀን ይከተላል። ዓቢይ ጾም ከገባ ዓሣም ለኛ የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሊዙ…

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ኖህ "ማሚ፣ ዋይ ካንት ዴይ ጀስት ሴይ ሶሪ?" አለኝ። ለምን ይቅርታ ብቻ አይባባሉም ማለቱ ነው። ተኛ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

ጋሽ ጎሳዬ ሁለቱን በአንድ ስልክ አገናኟቸው። ጣሰው ስፒከር ላይ አደረገው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬን አቆምኩ። ከሴፕቴምበር ወዲህ መጀመሪያ ያወሩት ነገር… የዓሣ ክር!

"ወፍራም ይሁን" አለ ጣሰው። "የተጎነጎነው፣ ብሬድ የሚሉት። የማይበጠስ።"

"ጋሼ፣ ለሰውዬው ይንገሩልኝ" አለ ጁነዲን። "የምንይዘው ዓሣ ነው፣ ፓሌት አይደለም።"

"ለዚያኛውም ሰውዬ ይንገሩልኝ። ቀጭን ክር ሲበጠስ ዓሣውን ጠልቆ ገብቶ ሊለምነው ነው?"

"ሐዋሳ ልጅ ሆነን በልብስ መስፊያ ክር ነው ያወጣነው። እሱ ዓሣ ያየው ሳህን ላይ ነው።"

"እኔ ቢያንስ ሳህኑን አጥባለሁ!"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሽንኩርቴ አለቀ። ስለ መኪናው፣ ስለ ራይት አፑ አንድ ቃል የለም። ሁሉንም ክሩ ላይ ጫኑት። በመጨረሻ ጋሽ ጎሳዬ ጮኹ። "ዝም! ወሰንየለሽ ትምረጥ። ሁለታችሁም የገዛችውን ትይዛላችሁ።"

እኔ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔ የዓሣ አዋቂ የሆንኩት?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ስኖው ሊመጣ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ዳቦና ወተት ይሻማል። እኔ የዓሣ ክር ልገዛ ሄድኩ።

አንድ ግድግዳ ሙሉ ክር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ቀለም የሌለው። እግሬ እያመመኝ ቆሜ አፈጠጥኩበት። ሻጩ ሽማግሌ ነው፣ ወሬ ይወዳል። አስረዳኝ። የጣሰው ብሬድ ጠንካራ ነው፣ ግን ውሃ ይጠጣል። ብርዱ ሲይዘው ደርቆ ሽቦ ይሆናል። ሞኖ የሚባለው ርካሽ ነው፣ ግን ብርድ ላይ እንደተጠቀለለ ይቀራል፣ ውሃ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ ይሽከረከራል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ውሃ አይጠጣም፣ ዓሣውም አያየውም። በዊንተር ዓሣ ይሰንፋል አለኝ፣ ምግቡን ሲነካ ትንፋሽ ያህል ነው። ወፍራም ክር ላይ አይሰማሽም።

ከዚያ ከሱ ባለ ሁለት ፓውንዱን፣ ሁለት ፓውንድ ብቻ የሚችለውን፣ አሳየኝ። የኖህ ፀጉር ይወፍራል!

"ትልቅ ዓሣ ቢመጣስ?" አልኩት።

"አትጎትቺ። ሲሄድ ልቀቂለት፣ ሲደክመው ሰብስቢ።"

ለሞሚና በቪዲዮ ደወልኩላት። ባለ ሁለቱንና ባለ አራቱን ስክሪኑ ላይ ደቀንኩላት። "የቱ ይሁን? የትዳራችን ነገር ነው፣ በደንብ እዪ።" ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ከኋላዋ የፕላስተር ድምፅ… ጥርርር።

"የፈለግሽውን ውሰጂ ወሰን። ለአንድ ቀን ነው እኮ።"

"ማሸግ ጀመርሽ እንዴ?"

"አይ… የልጆቹን የበጋ ልብስ ነው።"

ባለ አራቱን አነሳሁ። ካሸሩ ጋ ደረስኩ። ተመለስኩ። ዓሣው ካልነካው ጥንካሬው ምን ያደርጋል? ባለ ሁለቱን ወሰድኩ። ባሱ ጋ ሳልደርስ ቆጨኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

የነነዌ ጾም ዛሬ ያልቃል። ለሞሚና ቴክስት አደረግኩላት፣ ቅዳሜ እንዳትቀሪ ብዬ። "ነቢ ዩኑስን ዓሣ ዋጠው፣ አሁን እናንተ ልትበቀሉለት ነው" ብላ መለሰች። ሳቅኩ። እንደሷ የሚያስቀኝ የለም። ሴትዮዬ ዛሬ ሦስት ጊዜ ስሜን ረሱ። ወገቤ…

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

እጄ እስካሁን አልሞቀም፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩ አልተኛም።

ሞሚና ብርድ አልችልም ብላ ሔርሞን ጋ ቤት ቀረች። እኔ ከወንዶቹ ጋር። ጋሽ ጎሳዬ በብረት ዘንግ በረዶውን እየወጉ ፊት ፊት ሄዱ። ከሥራችን በረዶው አቃሰተ፣ እኔም አቃሰትኩ። "ሲያቃስት ደግ ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው" አሉ። ለማጽናናት ከሆነ አልተሳካላቸውም።

ድንኳን፣ ሁለት ቀዳዳ፣ በተገለበጡ ባልዲዎች ላይ አራት ሰው። ጁነዲን እኔ የገዛሁትን ክር አሰረ። የኔ ጉድ ግን! ጣሰው ከኪሱ የራሱን ብሬድ አወጣ! ተደብቆ ገዝቷል። ጋሽ ጎሳዬ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። "ይሞክረው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ብዙ አልቆየም። የጣሰው ክር ጫፉ ላይ በረዶ ጋግሮ እንጨት ሆነ። ጁነዲን ክራፒ የሚሉትን ዓሣ አንድ አወጣ። ሌላ ጨመረ። ከዚያ የማጥመጃ ዘንጉ ጫፍ ጎበጠ፣ ክሩ ተወጠረ። ባለ አራቱን ምናለ በገዛሁ! ጁነዲን አልጎተተም። ለቀቀለት፣ ሰበሰበ፣ ለቀቀለት… የክንድ ያህል አወጣ።

ጣሰው የሱን ክር በጥርሱ በጠሰና የኔን ሊያስር ሞከረ። ጣቱ ደንዝዟል። ክሩ አይታየው። ደጋግሞ ወደቀበት። ጁነዲን ጥቂት አየው። ዘንጉን ከእጁ ወሰደና አጎንብሶ ያስርለት ጀመር።

ጣሰው ቀዳዳውን እያየ፣ "ጁኔ… መኪናው የኔ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ" አለ ጁነዲን፣ ቀና ሳይል። "ውስጡ ነበርኩ።"

ጋሽ ጎሳዬ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ጁነዲን። ጣሰው እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁም፣ አፍንጫው ብቻ ይፈስ ነበር። "ፈርቼ ነው" አለ። "ሊድ ተብዬ ፈራሁ። ሥራህንም አሳጣሁህ። ይቅር በለኝ።" ጁነዲን የታሰረውን ዘንግ ሰጠው። "እንካ። ደግሞ እንዳትጎትት።"

እኔ በልቤ ጨፈርኩ። አበቃ፣ አይሄዱም! ጣሰውም እንዲሁ መሰለው። "በል እንግዲህ ሚኒሶታውን ተወው" አለው።

ጁነዲን ግራ ገባው። "እኔ መቼ እንሂድ አልኩ? እኔማ ዴሊቨሪው ተስማምቶኛል። ሞሚና ናት እንጂ። ካምና ጀምራ አሚራ ጋ፣ አሚራ ጋ…"

ቀና ሲል አየኝ። ወሬውን ቆርጦ ቀዳዳው ላይ አጎነበሰ።

ሔርሞን ዓሣውን ጠበሰችው። ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ጣሰው ለጁነዲን አጎረሰው፣ ጁነዲን "እሾህ አለው፣ ልትገድለኝ ነው?" አለ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሞሚና ለኔ ዘረጋች። ጎረስኩ። መልሼ ግን አላጎረስኳትም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

አልደወልኩላትም። አልደወለችልኝም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14

በሩን ስከፍት ሞሚና ናት። "ኩርፊያው ከወንዶቹ ወደኛ ዞረ አሉ" አለች። ገባች፣ ኮቷን አላወለቀችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ?"

"መሄድ የፈለግሽው አንቺ እንደሆንሽ።"

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ሲጣሉ ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ምክንያት አገኘሁ። በነሱ የተነሳ ነው ብልሽ አብረሽኝ ታለቅሻለሽ። ፈልጌ ነው ብልሽ ትቀየሚኛለሽ።"

"ምን በድዬሽ?"

"ምንም። ደክሞኛል፣ ወሰን።"

"እኔም እኮ…"

"ይኸው!" ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። "ሁሌ ትቀድሚኛለሽ። ስደውልልሽ ሴትዮሽን፣ ባሱን፣ ወገብሽን ትነግሪኛለሽ። ወድጄ ነው የምሰማው፣ ዋላሂ። የኔን ልጀምር ስል ግን አንቺ እንደገና ክሊንተንቪል ደርሰሻል። አሚራ 'አንቺስ?' ትለኛለች። ለዚህች ቃል ነው የምሄደው።"

አፌን ከፈትኩ። የሚወጣው ሁሉ ስለ እኔ ነው። ዘጋሁት።

ኮቷን አወለቀች። ቆይታ እጄን ያዘች።

እሁድ፣ ማርች 8

ከሄዱ ሳምንት አለፈ። አልም ክሪክ ቀልጧል አሉ።

ጣሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በስፒከር። ሚኒሶታ በረዶው ገና ነው። ጁነዲን በረዶ ላይ ዓሣ ስለሚያጠምድ አዲስ ጎረቤቱ ሲነግረው የኔው ሰውዬ እንደ ባለሙያ፣ "ቀጭን ግዛ! ብሬድ እንዳትነካ!" ይላል። ዕድሜ ለባለ ሁለት ፓውንድ… ታርቀዋል። እኔ ያሰብኩት ለሌላ ነበር።

እነሱ ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሞሚና እስክታፈጥር ጠበቅኩና ደወልኩላት። አነሳች። "ወሰን! ምነው፣ ሴትዮሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። አንቺስ?" አልኩ።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ጀመረች። ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው፣ ሊፍት የለውም፣ ጉልበቷ ያብጣል። ጉልበቷን እንደሚያማት አላውቅም ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት አልለመዱም። አሚራ ጥሩ ናት፣ ባሏ ግን አያናግራቸውም። ሌሊት ተነስታ ኮሪደሩ ላይ እንደምትቀመጥ… ቀስ ብላ፣ እያረፈች ነገረችኝ። ወሬዋ ረጅም ነው ለካ።

ሽሮዬ ቀዘቀዘ። ሴትዮዬ ዛሬ ሁለቴ ወድቀውብኝ ሁለቴ አንስቻቸዋለሁ፣ ክንዴ አይታጠፍም።

አልነገርኳትም።