«አለቀልኝ» ያልኩሽ ልምምዱን ነው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

ከሁሉ በፊት አለሁ። እግሬም አለ፣ ድምፄም አልጠፋም። ለመሆኑ አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? እማማ ከዚያ ቀን ድንጋጤ ወዲህ እህል ቀመሰች? እኔ ከናፍቆታችሁና እናንተን ካስደነገጥኩበት ጸጸት በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ አንዴ ስትስቂ አንዴ ስታለቅሺ የነገርኩሽን አንዱንም አልሰማሽ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። እሑድ ዕለት «አለቀልኝ» ብዬ ላክሁልሽና ስልኬ ወዲያው ጠፋ። እኔ ልምምዱ አለቀልኝ ማለቴ ነበር። ባትሪው አለቀብኝ፣ እናንተ ደግሞ ልጁ አለቀለት ብላችሁ ቤቱን በለቅሶ አመሳችሁት። አልፈርድባችሁም። የጎደለችው አንዲት ቃል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማራቶን ልምምዳችን ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ግን ሠላሳኛው ላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ጋራዥ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሆዴን አመመኝ አልኩ፣ ቀጥሎ የጫማዬ ክር ተፈታ። ክሩ አልተፈታም ነበር፤ ጎንበስ ብዬ የፈታሁት ራሴ ነኝ። ይህን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። አሰልጣኛችን በብስክሌት የሚከተለን ሽማግሌ ነው። «እግርህ ምንም አልሆነም፣ የቆመው ጭንቅላትህ ነው። ሦስተኛ ከቆምክ ለውድድሩ አላስመዘግብህም» አለኝ። የሁለት ዓመት ልፋቴ እዚያ በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት በካውያ ስተኩስ ያ በር ይታየኛል፤ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩና አለቃዬ ተቆጣችኝ። ክምሩን እያየህ አትተኩስ፣ የያዝከውን ብቻ እይ አለችኝ። እኛ ጋ ሸሚዝ ሲተኮስ ተራ አለው፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ በመጨረሻ ጀርባ።

እሑድ ጠዋት ገና ሃያ አምስተኛው ላይ ያ የማውቀው የውስጤ ድምፅ መጣ። ለማን ብለህ ነው፣ ብትቆም ማን ከቁም ነገር ይቆጥርሃል ይለኛል። ጭኔ ድንጋይ ሆነ። በሩ ከሩቅ ብቅ ሲል ፈራሁ፤ እታለም፣ በጣም ፈራሁ። ያኔ በሐሳቤ ሸሚዝ መተኮስ ጀመርኩ። እስከ መብራት ምሰሶው ኮሌታ፣ እስከ አጥሩ ጥግ ትከሻ፣ እስከ መታጠፊያው እጅጌ። አራተኛው ሸሚዝ ላይ ቀና ስል በሩ ከኋላዬ ቀርቷል።

እፎይ ሳልል፣ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ የጫማዬ ክር ተፈታ። አሁን የምሩን ነው። ማን ያምነኛል? ክሩ ቁርጭምጭሚቴን እየገረፈኝ፣ በአፍጢሜ እንዳልደፋ እየሰጋሁ የቀረውን ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩት። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከበሩ ወዲህ ያ ድምፅ ዝም ብሏል። የምሰማው ትንፋሼን ብቻ ነበር። ከራሴ ጋር ሳልጨቃጨቅ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስጨርስ አሰልጣኙ ከብስክሌቱ ወረደ። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ክሩን አሰረልኝና «ይቺኛዋ እንኳ ራሷ ናት የተፈታችው» አለኝ። ለካ ያን ጊዜም አይቶኝ ኖሯል። ስሜን ግን መዝግቦታል።

እማማን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አባባን አልሞተም፣ ላብ ብቻ ነው ያጠመቀው በያቸው። ለታናሻችን ፈተናዋን አንድ ገጽ አንድ ገጽ እያለች ታጥና፣ የመጽሐፉን ውፍረት አትመልከት ብለሽ ንገሪልኝ። ባልሽንም፣ ስንደዋወል ከኋላሽ ሆኖ ስለሳቀብኝ ቂም አልያዝኩበትም በይው።

ውድድሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ቃል ሳላጎድል ነው የምጽፍልሽ። መልእክቴ ከዘገየ ግን እንዳታለቅሺ፤ ገና እየሮጥኩ ነው።

ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን