ጎድጓዳው ግድግዳ

ጥቅምት 20 ቀን 78 ዓ.ም.፣ ማታ 1 ሰ.
ዛሬም አቧራ ጠጥቼ ገባሁ። አናጢዎቹ ወለሉን ነቅለው አልጨረሱም። ውቤ በረሃ ያለው የድሮ ዳንስ ቤት፣ ኦርኬስትራው ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበት አዳራሽ፣ የዚያው ኦርኬስትራ ጽ/ቤት ሊሆን ነው። ንድፉ በእኔ ላይ ወደቀ። የመ/ቤቴ ትእዛዝ አንድ መስመር ናት፦ ቢሮው የሙዚቃ ቅርሱን ያንጸባርቅ። ለማንጸባረቁማ ቫርኒሽ ምን ሠራ!

ሥ/አስኪያጁን ጓድ ታደለን ወደድኩት። ድሮ እዚሁ ቤት ድራም ይመታ ነበር። ሲያወራ አሁንም ጣቱ ጠረጴዛ ይመታል።

ጥቅምት 26
ከመድረኩ ጀርባ ያለውን የእንጨት ግድግዳ ላፈርሰው ነበር። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ጎታ ይመስላል፤ ቦታ ይበላል። ጋሽ በየነ ደረሱብኝ፤ አንጋፋው ሳክስፎን ተጫዋች። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኑኝ። ማይክ ባልነበረበት ዘመን ድምፃችንን እስከ በሩ ያደረሰልን እሱ ነው አሉ። «ሌላውን እንደወደድሽ አድርጊው ልጄ፤ እሱን ብቻ ተይልን።»

እንዴት እንቢ እላለሁ? እንደውም ሐሳብ መጣልኝ። የሥ/አስኪያጁ ጠረጴዛ መድረኩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ከፊቱ አጠር ያለ ከለላ፣ ጣሪያው እንዲታይ። የባለጉዳይ አግዳሚ ማዶ፣ በሩ ጋ።

ኅዳር 6፣ ከቀኑ 11 ሰ.
አለቀ! የኖታ ማስቀመጫዎቹ ጋዜጣ ተሸክመዋል። አሮጌው ማይክ መስታወት ውስጥ ገብቷል። አግዳሚው ላይ አረፍ ብዬ ሥራዬን ሳይ፣ አናጢው እዚያ ማዶ ጠረጴዛው ጋ ለራሱ ያጉተመትማል። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ይቺ ሴትዮ ዕድሜያችንን ጨረሰችው ይላል! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ግድግዳው ዛሬም ይሠራል። መጋረጃ ያስፈልገው ይሆን? ግን እንጨቱን ይሸፍነዋል፣ ምረቃው ደግሞ ነገ ነው። ተውኩት።

ኅዳር 13፣ ከቀኑ 10 ሰ.
የቀሩትን ፎቶዎች በሩ ጋ ልሰቅል ሄድኩ። አጠገቤ አግዳሚው ላይ አንድ የቀበሌ ሰው ተቀምጧል፣ ለመዋጮ መጥቶ። ጋሽ በየነ ማዶ ጠረጴዛው ጋ ከጓድ ታደለ ጋር ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ። ልጃቸው ሰሎሞን ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለጋል፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አክስቱ ቤት ደብቀውታል። የሙዚቃ መሣሪያ ተሸካሚ ተብሎ ይቀጠርልኝ፣ ወረቀት ከያዘ አይነኩብኝም እያሉ ይለምናሉ። ታደለ እሺ አለ። ነገ ይዘውት ይምጡ አለ።

የቀበሌው ሰውዬ ጋዜጣ መግለጡን አቆመ። አየሁት። መዶሻ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሚስማሩን ብመታ ድምፃቸው ይጠፋ ነበር። ደርቄ ቀረሁ። ምናልባት አልሰማም። ደብተሬ፣ አልሰማም በለኝ።

ኅዳር 14
ሰምቷል። ሰሎሞንን ከአክስቱ ቤት ወሰዱት። የቢሮው ጸሐፊ እያለቀሰች ነገረችኝ። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 18
ጋሽ በየነ ከታደለ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጠቋሚው ታደለ ሆነ። ሻይ ቤት ሲገባ ተጫዋቾቹ ሒሳብ ከፍለው ይወጣሉ። ዛሬ በጓሮው ክፍል ልምምድ ላይ ብቅ ሲል ጋሽ በየነ ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አውርደው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ሌሎቹም መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ታደለ ዞሮ ቢሮው ገባ። ተከትዬው ገባሁ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ አይንቀሳቀስም። ያየሁትን ልነግረው አፌን ከፍቼ ስለ አምፖል አወራሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ኅዳር 19
መጋረጃ አሰቀልኩ፤ ወፍራም፣ ቀይ። አሁን ከአግዳሚው ምንም አይሰማም። ለስድስት ሜትር ጨርቅ ስሰንፍ...

ኅዳር 21
የቀበሌው ሰውዬ በግድግዳው በኩል እንደሰማቸው ለታደለ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳው እንዳይፈርስ የለመኑሽ ጋሽ በየነ ናቸው፤ ይህን ከሰሙ ልጄን ያስያዝኩት እኔ ነኝ ብለው ያልቃሉ፤ እኔን ይጥሉኝ፣ ተያቸው አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ፒያሳን ሁለቴ ዞርኩ፤ ቤቴ መግባት ፈራሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ
ታደለ ተሳስቷል። ጋሽ በየነ የለመኑኝ ለሳክስፎን ነው። የሰው ምስጢር የሚነገርበትን ጠረጴዛ እዚያ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መስማት አለባቸው፣ ከእኔ።

ፊት ለፊት ቆሜ ልናገር? ጉልበቱ የለኝም፣ ራሴን አውቃለሁ። ነገ ጠዋት መጋረጃውን አወርደዋለሁ። ጋሽ በየነን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ እኔ ጠረጴዛው ጋ እሄዳለሁ። ድምፄ እንደማይወጣ ከአሁኑ ይታወቀኛል። ግድ የለም። በሹክሹክታ ልጀምር፤ ይሰሙኛል።