ቅጠል ነፍቶ ዝም ማለት

ውድ እህቴ አንትየ፣ ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ድንቹም ዘንድሮ አትረፍርፎ ሰጥቶናል።

ወንድ አጋዘን የሚጠራበት ወር ገብቷል። ድሮ ባሌ ሄኒንግ ጠመንጃውን ይዞ ሲያደባ፣ እኔ አጠገቡ ቅጠል በከንፈሬ እየነፋሁ የሴቷን ድምፅ አስመስል እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ባሏ የሞተባትን ጎረቤታችንን ጉድሩንን ነው የሚወስደው። «አንቺ ጉልበትሽን ያምሻል፣ ቤት አረፍ በይ» አለኝ። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ጉድሩን እንደሆነች ሳታቋርጥ ነው የምትነፋው፤ ወንዱ ደግሞ የሚመጣው ጠርተሽ ዝም ስትይ ነው። እስካሁን አንድም አልገደሉም፤ እሱ ግን እያፏጨ ይመለሳል።

ትናንት ጓሮ ወጥቼ ጥቂት ነፋሁና ዝም አልኩ። ወንዱ አጥሩ ድረስ መጣ። የሚተኩስ ሰው ግን ቤት አልነበረም።

እናንተ ጋ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ሰው ገባባት? እንዲያው ለመጠየቅ ነው።

ልጆቹን በእኔ ፈንታ ሳሚያቸው።

እህትሽ ቪብከ