ፊት የሚያሳየው ስልክ

እማ፣

ከተለያየን ሰባት ዓመት ሊሞላን አራት ቀን ቀረው። እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቅሽ መልሱን የሚያመጣልኝ ሰው ስለሌለ የእኛን ልንገርሽ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ እህቴ ታደለችም ደህና ናት፣ ልጇም መሄድ ጀምሮ ግቢውን ያምሳል። ይህን የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ አይደለም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንቺው ቤት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርሽ አውቃለሁ። ጆሮሽም በልጅነትሽ ከያዘሽ ትኩሳት በኋላ የሰው ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። እኔና አንቺ ዕድሜያችንን ሙሉ ያወራነው በእጅ ነው። አሁን እጄን የምታዪልኝ አንቺ የለሽም፤ ስለዚህ እንደ ሰው ሁሉ በእስክሪብቶ ልሞክር።

ቤቱ ተለውጧል። የጭቃው ግድግዳ ሲሚንቶ ተመርጎ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙን የመረጠው የታደለች ባል ነው፣ ስለዚህ እኔን አትቆጪኝ። በሩ ላይ የነበረውን የሽፈራው ዛፍ ቤቱን ሲያድሱ ቆርጠውት ነበር፣ እሱ ግን ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ከጣሪያው በልጧል። ሙዝ ታመላልሺበት የነበረው ጋሪ ቀርቶ መንገዱን ባጃጅ ሞልቶታል። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን መሬታችንን ታደለች ግማሹን ማንጎ አድርጋዋለች። ይህን ብታዪ እንደምትጣሉ አውቃለሁ፤ አንቺ ከሙዝ ሌላ ተክል የሰነፍ ነው ባይ ነበርሽ።

ትናንት ጠዋት ወደ መሬቱ ወርጄ ነበር። የመስኖው ውሃ ተራ የእኛ ነበር። ከላይ ያሉት ውሃውን ሲለቁት አንዱ ሌላውን በጩኸት ይጠራል፣ ያኔም እንዲሁ ነበር። አንቺን ግን የሚጠራሽ አያስፈልግም ነበር። ባዶ እግርሽን ደረቁ ቦይ ውስጥ ታቆሚና ውሃው ገና ሳይታይ መጣ ትዪን ነበር። ሙዝ የሚጭነውን መኪናም መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ በእግርሽ ታውቂው ነበር። ልጅ ሳለሁ እየሰማሽ የማትሰሚ የምታስመስዪ መስሎኝ ከኋላሽ ቆሜ ባለ በሌለ ድምፄ የጮህኩብሽ ቀን ትዝ አለኝ። ዞር እንኳን አላልሽም። ደንግጣ ያለቀሰችው ታደለች ነበረች።

የእጃችንን ቋንቋ ያስተማረን ትምህርት ቤት የለም። አንቺና አባባ ጀመራችሁት፤ አባባ ከሞተ በኋላ እኔና ታደለች የጎደለውን ሞላንበት። የእኔ ስም ቅንድብን በጣት መንካት ነበር፣ ከዛፍ ወድቄ ቅንድቤ ስለተሰነጠቀ። ታደለች ሁለት ጉንጉን ነበረች፤ ዛሬ ፀጉሯን አሳጥራም ስሟ ጉንጉን ነው። ጫሞ ሐይቅን ለማለት ሁለት መዳፍ እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ ያወጣሽላቸውን የእጅ ስም ግን እዚህ አልጽፈውም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለሽ ስታሚያቸው፣ እሳቸው እየሳቁ ምን አለች ንገሩኝ ሲሉን፣ እኔና ታደለች ጤናዎን እየጠየቀች ነው እያልን ስንት ቀን አስመልጠንሻል።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብዬ ሞባይል ጥገና ልማር ድሬዳዋ ስሄድ ያ ቋንቋ አብሮኝ መሄድ አልቻለም። ያኔ ስልክ ለሰው ሁሉ ደስታ ነበር። ልጁ የራቀበት ሁሉ ድምፁን ሰማሁት እያለ ያለቅስ ነበር። ለእኛ ግን ምን ያደርግልናል? ቢሆንም አንድ ዘዴ አገኘን። ስልኩን ቫይብሬት ላይ አድርገን መቀነትሽ ውስጥ ሸጎጥሽው። አንዴ ሚስኮል ካደረግኩ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከሆነ ናፍቀሽኛል ማለት ነበር። አንቺም ታደለች ባሳየችሽ ቁልፍ ትመልሺልኝ ነበር። ደንበኞች ፊት ስልኬ ደጋግሞ እየጮኸ ሲቋረጥ ለምን አታነሳም ይሉኛል። እናቴ ናት፣ አታወራም ስላቸው ያኮረፍሽኝ ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ያ ወሬ መጣ። ዕቃ የሚያመጣልን አንድ የስልጤ ነጋዴ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ፣ ሰው በስልክ ፊት ለፊት እየተያየ ሲያወራ በዓይኔ አየሁ አለን። እኛም አገር ሊገባ ነው፣ የቀረው ኔትወርኩ ብቻ ነው አለ። ሌሎቹ የነጋዴ ወሬ ነው ብለው ሳቁበት። እኔ ግን የፈታሁትን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትቼ አንቺን አሰብኩ። ይህ ነገር የተሠራው ለእናቴ ነው ብዬ አመንኩ።

በዚያው ዓመት ለመስቀል መጣሁና ነገርኩሽ። ምልክቱን እዚያው ፈጠርኩለት፤ አንደኛውን መዳፍ እንደ መስታወት ፊት ለፊት ይይዙታል፣ በሌላው እጅ ያወሩታል። አይተሽ ሳቅሽ። ሻሽሽን አስተካከልሽና አንቺም መዳፍሽን ይዘሽ አየሽበት። መቼ አልሽኝ። በቅርቡ አልኩሽ። ሰው ሲጸጸት ምላሴን በቆረጠው ይላል፤ እኔ እጄን በቆረጠው ነው የምለው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ “በቅርቡ” የመቅሪያ ሰበቤ ሆነ።

እውነቱን ልጻፈው። ከድሬዳዋ አርባ ምንጭ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ግን ሰው የማይሄድበት አይደለም። በእኛ አገር ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ወሬው ስንት ጊዜ እንደሚወራ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ሽመና ላይ ያሉት ሁሉ የጀመሩትን ሸማ ትተው ይመጣሉ። እኔ የመጀመሪያውን መስቀል ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛውን ምን ብዬ እንደቀረሁ አላስታውስም። ለታደለች ስደውል፣ ያ ስልክ ሊደርስ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ታየኛለች በዪያት እላት ነበር። አንቺ ግን የእኔን ድርሻ ሥጋ ለይተሽ ትሰቅዪልኝ ነበር አሉ።

ስልኩ እስኪመጣ ብዬ ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ካሜራ ያለው ስልክ ላኩልሽ። ራሴን በእጄ እያወራሁ እቀርጽና ሚሞሪ ካርዱን ወደ አርባ ምንጭ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። የመጀመሪያውን አይተሽ ተቆጣሽ። ታደለች ደውላ፣ ልጄ ባለጌ ሆኗል እያለች ነው፣ ጠይቆኝ መልሴን ሳይሰማ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል፣ ሳወራው ያቋርጠኛል እያለች ነው አለችኝ። ሱቅ ውስጥ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ታደለች ቀድሞ የተቀረጸ ነው ብላ ልታስረዳሽ ሞክራ ነበር፤ ግን ለዚያ የሚሆን ምልክት በእጃችን አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ስቀርጽ ጨዋ ሆንኩ። እንዴት ነሽ እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ ካሜራውን እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። ገባኝ፣ ጥሩ ነው እላለሁ። ሌላ እጠይቃለሁ፣ ቆም እላለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ እነቀንቃለሁ። ታደለች አሁን ተስማምቷታል አለችኝ። ከመሬቱ ስትመለሽ ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፈሽ ረጅም ሰዓት ታወሪኛለሽ አለችኝ። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ፣ ለጓደኞቼም አወራሁት።

ደረትሽን መውጋት ሲጀምርሽ የነገርሽው ለዚያ ፊት ነበር። ደረቴን ያመኛል፣ ከኩልፎ ስመለስ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለሽ በእጅሽ ስትነግሪኝ፣ እኔ ስልኩ ውስጥ ሆኜ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁልሽ። ገባኝ፣ ጥሩ ነው አልኩሽ። ታደለች ልደውልለት ስትልሽ፣ እኔው ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል ብለሽ ከለከልሻት። አምነሽ ነው ወይስ እኔን ላለማስጨነቅ ብለሽ? ታደለችም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነው፣ እማ።

ሲብስብሽ ታደለች ደወለች። በማግስቱ ተሳፈርኩ፤ ስደርስ ተቀብረሽ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የገባው ሁሉ ስምሽን እየጠራ ይጮህ ነበር። በሕይወት ሳለሽ በድምፅ ጠርቶሽ የማያውቅ ሰፈር ያን ቀን ጉሮሮው እስኪዘጋ ጠራሽ። ታደለች አልሰደበችኝም። ስልክሽን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና እኔኑ አሳየችኝ። ፈገግ እያልኩ እነቀንቃለሁ። ለቅሶው ሳያበቃ ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ማየት ፈርቼ አልመጣሁም። እስከ ዛሬ ሰው ሲያወራኝ ራሴን መነቅነቅ እፈራለሁ።

ያ ስልክ በመጨረሻ መጣ። አንድ ቀን ከሱቄ በር ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ሲያወራ አየሁ። ስልኩ ውስጥ አንዲት ልጅ በእጇ ትመልስለታለች፣ ይሳሳቃሉ። የእነሱ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የእጅ ቋንቋ ስለሆነ አንድ ቃል አልገባኝም። ቆሜ ሳፈጥበት ልጁ ተናዶ ስልኩን አንስቶ ሄደ። ይቅርታ ልለው እጄን አነሳሁ፣ ግን የእኛ ቤት ይቅርታ ለእሱ ምን ይገባዋል? ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ዘንድሮ የሲቀላ ኔትወርክ ተሻሻለና ታደለች ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሰላም ተባባልን፣ ልጁን አሳየችኝ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምስሉ ግን አልጠፋም። ሃሎ ሃሎ ስንባባል ቆየንና ታደለች ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ ሁለት እጇን አነሳች። የእሷ እጅ አልነበረም፣ የአንቺ ነበር። አነሳሱ፣ የአውራ ጣቷ አጣጠፍ፣ ሁሉ አንቺ ነሽ። እኔም መለስኩላት። መጀመሪያ ተንተባተብን፤ እጅም ሲቆይ ይንተባተባል። በዓለም ላይ ይህን ቋንቋ የምናውቅ እኛ ሁለታችን ብቻ መቅረታችን ያን ቀን ገባኝ።

ያኔ ነው ታደለች አንቺ ያልሻትን የነገረችኝ። በድምፅ ልትነግረኝ ስንቴ አስባ አልሆነላትም ነበር። ስለ ስልኩ በነገርኩሽ በዚያ መስቀል፣ እኔን ሸኝታችሁ ከመናኸሪያ ስትመለሱ ነው ያልሻት። ቅንድብሽን ነካሽ። መዳፍሽን እንደ መስታወት ያዝሽ። ከዚያ በሌላው እጅሽ ያንን መዳፍ ገፍተሽ ጣልሽው። ሁለት ጣትሽን እንደ መንገደኛ አራመድሽና ጨብጠሽ አስቆምሻቸው። ያ ስልክ ባይመጣ ይሻለኛል፣ ልጄ በእሱ ካየኝ ከእንግዲህ ወደ ቤት አይመጣም ማለትሽ ነበር። ደግሞም እንዳትነግሪው አልሻት፤ ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር።

እማ፣ እኔ እኮ በተስፋ ያቆየሁሽ መስሎኝ ነበር። ሻሽሽን ያስተካከልሽው ለእኔ ደስታ ነበር። በቅርቡ ባልኩሽ ቁጥር አስፈራራሁሽ። ስልኩም ሳይመጣ የፈራሽው ደረሰ።

የሰባት ዓመትሽ ተዝካር ሲቃረብ የታደለች ባል ደወለ። ደግ ሰው ነው፣ ለእኔ አዝኖ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሱቅህን አትዝጋ፣ እኔ መቃብሯ አጠገብ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቪዲዮ አሳይሃለሁ፣ እዚህ ቆመህ እንደምታየው ነው አለኝ። ምስሉ ጥርት ያለ እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። አመሰገንኩትና ሱቁን ቆልፌ ተሳፈርኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀመጥኩ፣ አቧራ ጠጣሁ። አርባ ምንጭ ልንገባ ስንል ጫኖ ላይ ማንጎ ሻጮቹ አውቶቡሱን ሲከቡት ቀድሞ የማልፈልገውን ሁሉ ገዛሁ፤ ባዶ እጄን አንቺ ደጅ መግባት አሳፈረኝ።

አስታውስሻለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ግን ድሬዳዋ ሆኜም አስታውስሽ ነበር። ያላስታወስኩሽ ቀን የለም፤ ማስታወስ ከሩቅ ሆኖም ይቻላል፣ እንደ ስልኩ። ስለዚህ አስታውስሻለሁ፣ ቃሌ ግን እሱ አይደለም። ቃሌ እመጣለሁ ነው።

ልጅሽ