እንዳትነቃነቁ!

ወንድሜ፣ ልጅህ እንደምትነግርህ የፖስት ካርዱ ሥዕል ባሕር ነው፤ ብዙም አልቀረብህም።

ትናንት ያንን አዲስ ካሜራ የሚሠሩበት ክፍል ገባሁ። ብርሃኑን ሲቀበል እዚያው በዚያው ያመዛዝናል፤ የተለወጠውን ይይዛል፣ ያልተለወጠውን ይተወዋል። ከፊቱ አስቀመጡኝ። አንተ ዓይንህ ሳይከዳህ በፊት፣ ለጋዜጣው ፎቶ ስታነሳን «እንዳትነቃነቁ!» እያልክ ስለገራኸን ድርቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ወንበሩም የለ፣ እኔም የለሁ! ካሜራውን የምታሳየኝ መሐንዲስ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ኧረ ጋሼ፣ ነቅነቅ ይበሉ እንጂ!»

ራሴን ብነቀንቅ ባርኔጣዬ ብቅ አለች። እኛ ቤት ቢሆን ፎቶ አበላሸህ ብለህ ታባርረኝ ነበር።

ከዚያ ጠይቅልኝ ያልከኝን ጠየቅኳት፤ ለጓደኛዬ ዓይን ይሆን ይሆን? ሳቋን ተወች።

«ይሄ ለመኪና ነው ጋሼ። ለሰው ዓይን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ለእሳቸው የሚደርስ አይመስለኝም።»

ደግሜ ብጠይቃትም መልሷ ያው ነው። «ይሆናል» የሚል ቃል ይዤልህ ብመለስ ምንኛ በወደድኩ።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬን ሳምልኝ። አንቺ የኔ ልጅ፣ የመሐንዲሷን መልስ ዘለሽ እንዳታነቢለት። ድምፅሽ ሲለወጥ ያውቅብሻል።