ያላለቀው ባቡርና የአባባ «እሺ»

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ያስቃስትሃል? ባለቤትህስ፣ የሌሊት ፈረቃው አልበረታባትም? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ ማውጣት ጀመረች ወይ? እናንተ ደኅና ከሆናችሁ እኛም አለን። አባባም አሉ። «አሉ» ስልህ ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳህ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት ያነሣሁት። በስልክ ብጀምረው አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ነገሩ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ራሴ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ጠዋት አባባን አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ወደ ጥርስ ክሊኒኩ እሄዳለሁ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እስክመለስ አብራቸው ትውላለች። ማታ ያንኑ እደግመዋለሁ። ባለፈው «አልቅሺና ይውጣልሽ» ብለኸኝ ነበር። አይወጣም፣ ወንድም ዓለም። ሐኪማችን በሽተኛውን ማደንዘዣ ከወጋው በኋላ ድዱን ነካ እያደረገ «ይሰማሃል?» ይለዋል። ሰውየው መነካቱን ያውቃል፣ ሕመሙ ግን የለም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አባባ ከወደቁ ወዲህ ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እሠራለሁ፣ ሆዴ ግን ዝም ብሏል።

እንደምታውቀው ስትሮኩ ቀኝ እጅና እግራቸውን ወስዶ ከአንደበታቸው አንዲት ቃል ብቻ ተወላቸው፤ «እሺ»። ሲርባቸው እሺ፣ ሲጠግቡ እሺ፣ ትራሱ ሲቆረቁራቸውም እሺ። በቀደም በስልክ «አባባ፣ ቤቱን ሸጠን ጥሩ መጦሪያ እናስገባዎት?» ብለህ ስትጠይቃቸው የመለሱልህም ያችኑ ነው። አንተ «ይኸው፣ ተስማምተዋል» አልክ። እኔም አልተከራከርኩህም። ሐኪሙ ራሱ ምን ያህል እንደሚገባቸው አላውቅም ብሎኛል፤ እኔም ዓይን ዓይናቸውን ሳይ መስኮቱ ክፍት የሆነ ባዶ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ቤቱን ለሽያጭ ሳሰናዳ ዕቃ ማውጣት የጀመርኩት ከባቡሩ ነው። እማማ ካረፉ በኋላ አባባ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩትን ሞዴል በፎቶ አይተኸዋል። ቁመቱ ክንድ የሚያህል፣ እውነተኛ እሳት የሚነድበት፣ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ነው። ይሆን ነበር ልበል እንጂ። መንኮራኩሮቹ ቆመዋል፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች ታስረዋል፣ ውኃው የሚፈላበት ቦይለር ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተኝቷል፤ የቀሩት ቁርጥራጮች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደበላልቀዋል። «ለሚያውቅበት ሰው ስጪው» ባልከኝ መሠረት ሞዴል ለሚሰበስቡ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ደወልኩላቸው። ደግ ሰው ናቸው። «እወስደዋለሁ፤ ግን የቫልቩ ማንቀሳቀሻ ምን ዓይነት ነው? እሱን ሳላውቅ ልጨርሰው አልችልም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከብረት የማውቀው ማንኪያና የጥርስ መንቀያ ጉጠት ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ፉጨትን ጠራኋቸው። ትዝ ይሉህ የለም? አባባ በባቡር ጥገና ክፍል ሲሠሩ እሳቸው ባቡር ነጂ ነበሩ፤ «እኔ የጠገንኩትን ይህ ሰው ለማበላሸት ደመወዝ ይከፈለዋል» እያሉ አባባ ሲቀልዱባቸው የኖሩት። የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈው አሁን ማፏጨት አይችሉም፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። «ክሊኒክ ይምጡና እናስተክልልዎ» ብላቸው «ተይኝ ልጄ፣ ፉጨቴ ከጥርሴ ጋር ጡረታ ወጥቷል» አሉኝ።

ነገሩን እንደ ሕፃን አስረዱኝ። እንፋሎቱ አንዴ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚመላለሰው ፒስተን ፊት፣ አንዴ ከኋላው መግባት አለበት። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቩ ነው፤ ቫልቩን ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚነዱት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። ማንቀሳቀሻ የሚባለው እነሱ ናቸው። «እነሱ ከተሳሳቱ ባቡሩ እንደ ሰነፍ ባል እሳት ዳር ተገትሮ ይውላል» አሉኝ። የማንቀሳቀሻው ዓይነት የሚታወቀው ዘንጎቹ እንቅስቃሴያቸውን ከየት እንደሚወስዱ በማየት ነው፤ ከመንኮራኩሮቹ መካከል ከወሰዱ የውስጡ፣ ከመንኮራኩሩ ውጪ ከወሰዱ የውጪው ይባላል።

ባቡሩን ገልብጠው በመንኮራኩሮቹ መካከል ያለውን አክሰል አዩ። «የውስጡ ዓይነት ቢሆን እዚህ ላይ ከመሃል ወጣ ያሉ ክቦች ይኖሩ ነበር። ባዶ ነው። እንግዲያው የውጪው ነው፣ አለቀ ደቀቀ!» ከቆርቆሮውም ውስጥ ስንጥቅ ያለበት ቆልመም ያለ ብረት አውጥተው «ይኸው ምስክሩ! ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ በላይ ተቀምጬ ነድቻለሁ» አሉ። የውጪው ዓይነት በመንኮራኩሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ክንድ ይፈልጋል። ለክንዱ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ጋሽ ፉጨት ግን በሽቦ አስረው አስቀመጡት።

አባባ እዚያው ነበሩ። እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ልጅ «ፀሐይ ይሙቁ» ስላለች ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼው ነበር። ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ፣ ክንዱን ያዙ፣ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እሺ» አሉ። ጋሽ ፉጨት «በል እሺ ካልክ» ብለው መልሰው አሰሩት። አባባ እንደገና ነቀሉትና አሁን ወደ ወለሉ ወረወሩት። «እሺ! እሺ!» ይላሉ፤ ፊታቸው በርበሬ መስሏል፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። ጋሽ ፉጨት ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይሄ እሺ፣ እሺ አይደለም። ይሄ ስድብ ነው። የዚህን ሰው ስድብ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ቆርቆሮውን አንስቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ እጄ ነው ያደረገው። ረጅም ጊዜ ፈለጉ። አንዱን ያነሣሉ፣ ያዩታል፣ ይመልሱታል። በመጨረሻ አንዲት ጠፍጣፋ ዘንግ አወጡና ጫፏን ፒስተኑን ከመንኮራኩሩ ከሚያገናኘው ትልቁ ዘንግ መሃል ላይ አስጠጉ። እዚያ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ጋሽ ፉጨት የዘይት ቀዳዳ ነው ብለው አልፈውት ነበር። ልክክ አለች። ጋሽ ፉጨት ማያያዣ ፒኑን ሲያስገቡላቸው አባባ ቆልማማውን ብረት አንሥተው የሚታሰርበትን ቦታ በጣታቸው ነኩ፤ ከሲሊንደሩ ኋላ፣ ከዘንጉ በላይ። ቀሪውን አንዱ እያሳየ ሌላው እያሰረ አቆሙት። መንኮራኩሩን በእጅ ሲያዞሩት ትልቁ ዘንግ እየተወዛወዘ ትንሿን ወሰዳት፣ ትንሿ በቆልማማው ስንጥቅ ውስጥ ወጣ ወረድ አለች፣ ቫልቩም ወደ ፊት ሄዶ ተመለሰ። ጋሽ ፉጨት ግንባራቸውን መቱ። «ጆይ! ጆይ የሚሉት ማንቀሳቀሻ ነው! ወጣት ሳለሁ አንድ አሮጌ የዕቃ ባቡር ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» አባባ ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ድካም እንጂ ሌላ አልነበረም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አባባ ውስጣቸው እንዳሉ በዓይኔ አየሁ፣ ገባኝም። ከዚያ ሻይ ላፈላ ገባሁ፤ ጋሽ ፉጨት መጥተው እሳቱን ሲያጠፉት ነው ውኃው ተኖ ማለቁን ያወቅኩት።

ከሻዩ በኋላ ጋሽ ፉጨት ባሉበት ልጠይቃቸው አልኩ። የመጦሪያውን ፎቶ በአንድ በኩል፣ የቤታችንን ቁልፍ በሌላ በኩል ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። «አባባ፣ ወንድሜ ያሰበልዎት ይህ ነው፤ ወይ ደግሞ እዚሁ መቆየት አለ። በእጅዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ፎቶውን ደኅና አድርገው አዩት፤ አልናቁትም። ከዚያ ቁልፉን አንሥተው ከጭናቸው ሥር ቀበሩት። ጋሽ ፉጨት ሳላቸው እስኪነሣ ሳቁ። እስከ ዛሬም አልሰጡኝም። የምወጣውና የምገባው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ በነበረው ትርፍ ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ቤቱን ሊያሻሽጥልን ለነበረው ደላላ አይሸጥም ብዬዋለሁ፤ እኔ አልፈርምም። ለመሐንዲሱም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጆይ መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ልምጣና ከባለቤቱ ጋር ልየው» አሉና መጡ፤ ጋሽ ፉጨትና እሳቸው እንደ ሁለት ጣውንት ሲኳረፉ አባባ በጣታቸው ይዳኟቸዋል። የመጦሪያውን ሐሳብ ያመጣኸው ለእኔ አዝነህ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩህም። ግን ብቻዬን አልችልም። እያማረርኩ አይደለም፤ እንደ አየር ሁኔታ ነው የምነግርህ። የዓመት ዕረፍትህን ይዘህ ና። ስትመጣ አባባን ታጥባለህ፣ እኔ እተኛለሁ። ምናልባት ከተኛሁ በኋላ ያ ይውጣልሽ ያልከው ይመጣ ይሆናል።

ለባለቤትህ እጅ ነሥቻለሁ፤ የላከችው ሹራብ ለአባባ ልክ ሆኗል። ትልቁ ልጅ ለትምህርቱ ይበርታ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ልብስ ሰፊዋም «ያ ወንድምሽ አገባ ወይስ አሁንም ይመርጣል?» እያለች ትጠይቃለች፤ ሁለት ልጅ እንዳለህ በየሳምንቱ እነግራታለሁ። ጋሽ ፉጨት ሰላም ብለውሃል።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። ላንተ መሆኑን ነግሬያቸው ብዕሩን ሰጠኋቸው። ከዚህ በታች ያለው ጠማማ መስመር የሳቸው ነው። ፊደል አይደለም፤ ላንብበው ብለህ አትድከም። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ነው ያሰመሩት።

እኅትህ

በመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት መጨረሻ